በእኔ ስም የታመመችው ደጊቱ

አዲስ ቅዳም ውስጥ ደጊቱን የማያውቅ ሰው ካለ እንግዳ ነው። እኔ ካሳነሽ እባላለሁ፤ ጎረቤቷ ነኝ። ስለ እሷ ሳወራ ድምፄ ከፍ ይላል፤ ይበል! በሰው መኩራት ነውር ከሆነ እኔን ነውረኛ በሉኝ። ከእንጅባራ ፍርድ ቤት ከተመለስን ጀምሮ ገበያው ሁሉ ወሬው ይኸው ሆኗል፤ ግማሹ ግን እያበላሸ ነው የሚያወራው። አንዷማ «ደጊቱ ችሎት ላይ ጮኸች» ስትል በጆሮዬ ሰማኋት። የጮህኩት እኔ ነኝ እኮ! ለምን እንደጮህኩም እነግራችኋለሁ፤ ብቻ ከመጀመሪያው ስሙኝ።

ደጊቱ የዘንገና ልጅ ናት። አባቷ በጥር የአገው ፈረሰኞች ሲሰለፉ ከፊት ከሚታዩት አንዱ ነበሩ። ወንድ ልጅ አልነበራቸውምና ግልቢያውን ያስተማሩት ለእሷ ነው። አማርኛ የለመደችው እዚህ አግብታ ከመጣች በኋላ ነው፤ ስትናደድ ግን እስከ ዛሬ ወደ አዊኛ ትሻገራለች። እኔ የደብረ ማርቆስ በኩል ሰው ስለሆንኩ አንድ ቃል አይገባኝም፤ መሰደቤን ግን አላጣውም። ባሏ ሁለት ሴት ልጆች ትቶላት ሲሞት ሰው «አለቀላት» አለ። እሷ ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ ራሷ ቆርጣ፣ ራሷ ከምራ፣ አፈር አልብሳ ከሰል ማክሰል ያዘች። ጆንያውን ብቻዋን ጋሪ ላይ ስትጭን ባለጋሪው እጁን አጣምሮ ቆሞ ያያታል። «እንዳትረዳኝ፣ ይደክምሃል» ትለዋለች። እንዲህ ያለች ሴት ናት።

ከዚያ ዲከረንሱን በሽታ መታው። ቅጠሉ ዝገት የመሰለ ነገር እየለበሰ ማሳ ሙሉ ዛፍ ደረቀ። ከሰሉ ሲቀር እኔ አቶ እንየው የሚባል ባለሀብት ችግኝ ጣቢያ ገባሁ፤ ላስቲክ ውስጥ አፈር መሙላት፣ ማረም፣ ውኃ ማጠጣት ነው ሥራው። ደጊቱ ቦታ አላገኘችም፤ ከጓሮዋ ባለች ቁራሽ መሬት ድንች ተከለች።

እንግዲህ ጥፋታችን የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር ወንፈል የማያውቅ የለም። ዛሬ እኔ ያንቺን አርማለሁ፣ ነገ አንቺ የእኔን። እኛ የችግኝ ጣቢያ ሴቶች ግን ወንፈሉን ወደ ስም አዞርነው። እዚያ አንድ ቀን የቀረች ቦታዋን ታጣለች። ስለዚህ ለቅሶ የደረሰባት ወይ ልጅ የታመመባት ሴት ጎረቤቷን በስሟ ትልካለች። ጠዋት ተቆጣጣሪው ስም ሲጠራ «አቤት» የምትለው የተላከችው ናት። ተቆጣጣሪው አያውቅም? ያውቃል እንጂ! ቁጥሩ ከሞላለት ምን ገዶት። እኛም ማታለል አልመሰለንም፤ መረዳዳት ነው ያልነው። የጎረቤት ስም መዋስ ሞሰብ ከመዋስ አይለይም ነበር።

እህቴ ሸጋ ዳንግላ ነው ያለችው። ሴት ልጅ ወልዳ ክርስትና እናቷ እኔ ሆንኩ። ሰማንያ ቀን ደግሞ ለተቆጣጣሪ ተብሎ ሰማንያ አንድ አይሆንም። ደጊቱ ጋ ሄድኩ። የዚያን ሰሞን ድንቿን ስኮተኩትላት ውዬ ነበር፤ የወንፈል ዕዳ አለባት። ገና ሳልጨርስ «ሂጂ፣ እኔ ካሳነሽ ሆኜ እውላለሁ፤ እንዳንቺ ግን ለፍልፊ እንዳትዪኝ» አለችኝ። ተሳስቀን ተለያየን።

በዚያ ቀን የመድኃኒት መርጫ በጀርባቸው የሚሸከሙት ወንዶች አልመጡም። ችግኙን ደግሞ ያው በሽታ ጀምሮታል። አቶ እንየው ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ፣ ምልክት የሌለው፣ ጽሑፍ የሌለው ጀሪካን አስወርዶ በውኃ አስበረዘው። ተቆጣጣሪው ሴቶቹን በዓይኑ ለቀመና ትከሻዋን አይቶ መርጫውን ደጊቱ ጀርባ ላይ ጫነው። ጓንት የለ፣ የአፍ መሸፈኛ የለ። መርጫው ያፈስ ነበር። «ጀርባዬን እያራሰኝ ነው» አለችው። «ጨርሺና ታወርጂዋለሽ» አላት። እንግዲህ የወንፈል ቀን ነው፣ ብታቋርጥ እኔ ነኝ የምባረረው። እሷ ደግሞ በሰው ስም ገብታ ሥራ አቋርጣ የምትወጣ ሴት አይደለችም። ጨረሰችው። እኩለ ቀን ላይ ግን አፏ አረፋ እየደፈቀ፣ ሰውነቷ እየተንቀጠቀጠ ወደቀች።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። መናገር አትችልም። ካርድ የሚያወጣው ሰው «ስሟ ማን ይባላል?» ሲል ተቆጣጣሪው «ካሳነሽ» ብሎ መለሰ። ካርዱ በእኔ ስም ወጣ።

እኔ በማግስቱ ከዳንግላ ስመለስ፣ ሚኒባስ ተራው ላይ ያየኝ ሁሉ ያማትባል። አንዷ «ካሳነሽ፣ አልሞትሽም እንዴ?» አለችኝ። «ምን አድርጌሽ ነው የምሞትልሽ!» አልኳት። ነገሩን ሲነግሩኝ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያው ሮጥኩ።

ደጊቱ አምስት ቀን ተኝታ ነፍሷ ተመለሰች። ዳነች ብለን እልል አልን። በሦስተኛው ሳምንት ግን እግሮቿ ይዝሉ ጀመር፤ ቀኝ እጇ ጣሳ እንኳ አልይዝ አለ። ያቺ ጆንያ የምትሸከም ሴት በምርኩዝ መሄድ ያዘች። እንጅባራ ሆስፒታል ሄደች። ሐኪሙ ሁለት ነገር ነው የጠየቃት። አንደኛ፣ የነካሽ ኬሚካል ስሙ ማን ነው? ካላወቅን በጭፍን ነው የምናክምሽ። ሁለተኛ፣ ይህ ካርድ የሌላ ሰው ነው፤ የአንቺ የት አለ?

በምርኩዟ ችግኝ ጣቢያ ድረስ መጣች። ሁላችንም አፈር እየሞላን ነበር። «አቶ እንየው፣ ሌላ ነገር አልጠየቅኩህም፤ የመድኃኒቱን ስም ንገረኝ» አለችው። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ደጊቱ የምትባል ሠራተኛ የለኝም። የታመመችው ካሳነሽ ናት። ካሳነሽ ደግሞ ይቻትና፣ ቀጥ ብላ አፈር ትሞላለች!» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ወይስ ሰው በስሟ ልካ ስታጭበረብረኝ ኖራለች? እንዲህ ያደረገች ካለች ከሥራም ትወጣለች፣ ፖሊስ ጋም ትሄዳለች።»

ደጊቱ አየችኝ። እኔ ሦስት ልጆቼን አሰብኩ። እጄ ላይ ያለውን አፈር አየሁ። ዝም አልኩ።

ይኼን ስናገር አሁንም ፊቴ ይነድዳል። ከዚያ ቀን ወዲያ በደጃፏ ማለፍ አቃተኝና መንገድ ቀየርኩ። «ምላሷ ጌታ የለውም» የምባለው ሴትዮ ምላሴ ሲፈለግ ጠፋሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳላያት ቆየሁ። የራሴ ልጅ እንኳ «እማዬ፣ እትዬ ደጊቱን ለምን አትጠይቂያትም?» ስትለኝ ተቆጣኋት።

ነገሩ ፍርድ ቤት እንዳይደርስ አቶ እንየው ሽማግሌ ላከባት። ሽማግሌ መመለስ እኛ ዘንድ ከባድ ነገር ነው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው እንደነገሩኝ፣ ተነሥታ መቀበል ስላልቻለች ተቀምጣ ጉልበታቸውን ሳመች። «እርቅ አልጠላም። ከእርቁ በፊት ግን አንድ ነገር ያድርግልኝ፤ የመረዘኝን ነገር ስም ወረቀት ላይ ጽፎ ይስጠኝ። ሐኪሜ የሚፈልገው ያንን ነው። ያን ጊዜ ከእናንተ ፊት ታርቄ እመርቀዋለሁ» አለቻቸው። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ሄዱ፤ እሱ ግን አልጽፍም አለ። ትልቁ ሽማግሌ «እኛ ከዚህ ወዲያ ለዚህ ሰው አንለምንም» ብለው ምርኩዛቸውን አንሥተው ወጡ አሉ። እናቷ መጥተው ወደ ዘንገና ወሰዷት።

እኔን ያነቃኝ ጋሽ ይኸነው ናቸው። ጋሽ ይኸነው የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ አሁን ማመልከቻ እየጻፉ ነው የሚኖሩ። መንገድ ላይ አገኙኝና «ካሳነሽ፣ በመርዝ ታመሽ ነበር አሉ። ካርድሽን አየሁት። ተሻለሽ?» አሉኝ። አሽሙራቸው አጥንቴ ድረስ ገባ። ዓይኔ እንባ ሲያቀርር አዘኑልኝ መሰል፣ ደረጃቸው ላይ አስቀምጠው ነገሩን አስረዱኝ።

«በሠራተኛ ሕግ ብንሄድ ‹ስሟ መዝገቤ ላይ የለም› ብሎ ያደክመናል» አሉ። «ስለዚህ ‹ከውል ውጪ ኃላፊነት› በሚለው ነው ክሱን የጻፍኩላት። አደገኛ ነገር ያመጣ ሰው፣ ያ ነገር ለጎዳው ሰው ይጠየቃል። ተጎጂው ሠራተኛው ይሁን መንገደኛ ግድ የለም። ግን ሁለት ዓመት ካለፈ በይርጋ ይታገዳል፤ ዝም ብሎ መቀመጥ የለም። አሁን የቀረን አንድ ነገር ነው፤ በዚያ ቀን መርጫውን የተሸከመችው ደጊቱ እንጂ ካሳነሽ እንዳልሆነች ማስረዳት።»

«ሴቶቹ አይመሰክሩም?»

«ፈርተዋል። ደግሞም እነሱ ‹ደጊቱ ናት› ቢሉ፣ መዝገቡም የሕክምና ካርዱም ‹ካሳነሽ› ይላል።»

«እኔስ?»

«አንቺን በምስክር ዝርዝር ላይ እንዳልጽፍሽ ደጊቱ አስምላኛለች» አሉኝ።

በነጋታው እሑድ ነበር፣ ሥራ የለም፤ ዘንገና ሄድኩ። ደጊቱ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ድንች ልትልጥ ትታገላለች። ይቅርታ ልጠይቅ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝና «ለምን አታስጠሪኝም? ማን ነኝ ብለሽ ነው የምትንቂኝ!» ብዬ ጀመርኩ። እንዲህ ነኝ፤ ጥፋተኛ ስሆን የምቆጣው እኔ ነኝ።

«ቁጭ በይ መጀመሪያ» አለችኝ። «ከሥራ ያስወጣሻል። ፖሊስም አለበት። ልጆችሽን በምን ታበያለሽ?»

«ያንቺስ ልጆች?»

«የኔዎቹ እናታቸው በሥራ ላይ ተጎድታ ነው። ያንቺዎቹ በምላስሽ እንዲራቡ አልፈልግም።»

«ደጊቱ፣ የዚያን ቀን ዝም አልኩሽ እኮ!» አልኩና እንባዬን ዘረገፍኩት።

«አየሁሽ» አለች። «ሦስት ልጆች ናቸው ዝም ያሰኙሽ። እኔም ብሆን ዝም እል ነበር።» ዋሸችኝ። እሷ ዝም አትልም ነበር። ስታጽናናኝ ነው።

ከእሷ ቤት ወጥቼ በቀጥታ ዳንግላ ወረድኩ። ሸጋ የልጇን የክርስትና ካርድ ከሳጥን አወጣችልኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ማኅተም አለ፤ «ክርስትና እናት፦ ካሳነሽ» ይላል፤ ቀኑም ያው ቀን ነው። ወስጄ ጋሽ ይኸነው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። «መሐላዎን እግዜር ይፍታዎ፣ ይጻፉኝ» አልኳቸው። ደጊቱ ስትሰማ በአዊኛ አንድ ሰዓት ተሳደበች አሉ።

የምስክር ቀን ደረሰ። ከእናቷ ቤት እስከ መኪና መንገዱ የእግር ነው፤ ስለዚህ ደጊቱ በፈረስ መጣች። ፈረሱን ፍርድ ቤቱ አጥር ላይ አስራ በምርኩዝ ገባች። የአቶ እንየው ጠበቃ ይኼን አይቶ ኖሯል። ገና ከመጀመሩ «ክብርት ዳኛ፣ ከሳሿ እግሬ ሽባ ሆነ ትላለች፤ ዛሬ ጠዋት ግን ፈረስ ስትጋልብ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ።

ዳኛዋ ወደ ደጊቱ ዞሩ። ደጊቱ «እውነቱን ነው። በፈረስ የመጣሁት እግር ስላጣሁ ነው። እግር ቢኖረኝማ እንስሳውን ለምን አለፋው ነበር?» አለች። ችሎቱ ሳቀ፤ ዳኛዋም አቀርቅረው ጻፉ። የኔ ጀግና!

አቶ እንየው ስለ ጀሪካኑ ተጠየቀ። ምንድን ነው? ከየት ገዛኸው? ጽሑፉ የት ሄደ? እሱ ለስንት የሰፈሩ ሰው ሥራ እንደሰጠ፣ ባጃጅ ራሱ እንዳስጠራ ያወራል። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች። ዳኛዋ ግን የሚለቁ ሴት አይደሉም፤ በአሥር ቀን ውስጥ የኬሚካሉን ስም ከነመግዣ ሰነዱ እንዲያቀርብ አዘዙት።

ከዚያ እኔ ተጠራሁ። መሐላ ፈጸምኩ። በዚያ ቀን የት እንደነበርኩ፣ ማንን በስሜ እንደላክሁ አንድ በአንድ ተናገርኩ። የክርስትና ካርዱን ሰጠሁ። ካሳነሽ በአንድ ቀን ዳንግላ ላይ ሕፃን ታቅፋ፣ አዲስ ቅዳም ላይ መርዝ ተሸክማ ልትውል አትችልም አልኩ።

ጠበቃው ቀስ ብሎ ተነሣ። «ስለዚህ አሠሪሽን ታታልዪ ነበር?»

«አዎ።»

«በሐሰት ስም ሰው ማስገባት በወንጀል እንደሚያስጠይቅ ታውቂያለሽ? ለፖሊስ ብናመለክት ምን ትያለሽ?»

መልስ ሳልሰጥ ከኋላዬ የምርኩዝ ድምፅ ሰማሁ። ደጊቱ እየተንገዳገደች ተነሥታለች። «ክብርት ዳኛ፣ ክሴን ትቻለሁ። እሷን ይልቀቋት» አለች።

ያኔ ነው የጮህኩት። «ቁጭ በይ አንቺ! በስሜ ታመሽ፣ በስሜ ልትሞቺ ነው? ከፈለጉ ይሰሩኝ፣ አንቺን ምን አገባሽ!» አልኩ። ፖሊሱ ክንዴን ያዘኝ። ዳኛዋ ጠረጴዛውን መቱ። «ምስክር! አንድ ቃል ብትደግሚ ከዚህ በቀጥታ ማረፊያ ቤት ነው የምትሄጂው» አሉኝ። አፌን በሻሼ ያዝኩት።

ዳኛዋ ወደ ደጊቱ ተመለሱ። «ክስሽን የምታነሺው በራስሽ ፈቃድ ነው፣ ወይስ ለምስክሯ ፈርተሽ?»

ደጊቱ መዋሸት አልቻለችም። «ለእሷ ነው» አለች።

«እንግዲያው ተቀመጪ። ዛሬ እዚህ የተከሰሰችው ካሳነሽ አይደለችም» አሉ ዳኛዋ። ጠበቃውንም «ምስክር ማስፈራራት አይፈቀድልህም» ብለው ገሠጹት።

በማግስቱ ከሥራ ተባረርኩ። ፖሊስ ግን እስከ ዛሬ አልጠራኝም። አፈር ስንሞላ አብረውኝ የነበሩት ሴቶች ይኼን ሲያዩ ግን አንዷ ወደ ጋሽ ይኸነው መጣች፣ ሁለተኛዋ ተከተለቻት፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ አራት ሆነው «መርጫውን የተሸከመችው ደጊቱ ናት፣ ሲያፈስም ተናግራለች» ብለው መሰከሩ። የኬሚካሉም ስም ወጣ። ሐኪሙ ወረቀቱን ሲያይ ይህ ለችግኝ የሚረጭ ነገር እንዳልሆነ ለፍርድ ቤቱ ጻፈ፤ ሕክምናዋንም በዚያው አስተካከለ።

የፍርዱ ቀን ችሎቱ ጢም ብሎ ሞላ። ዳኛዋ ማንበብ ጀመሩ። ሴቶቹ በስም መለዋወጣቸው ጥፋት ነው፤ ይሁን እንጂ ምልክት የሌለው መርዝ አምጥቶ በሚያፈስ መርጫ ሰው ጀርባ ላይ የጫነ ሰው፣ ያ ጀርባ የማን እንደሆነ ባያውቅም ከኃላፊነት አያመልጥም አሉ። ከዚያ «ፍርድ ቤቱ የሚከተለውን ወስኗል» አሉ።

«አንደኛ፣ ከሳሽ በጠየቀችው መሠረት፣ ጤና ጣቢያው በካሳነሽ ስም የተመዘገበውን የሕመም ታሪክ እንዲሰርዝና ካሳነሽ ምንም ዓይነት የመመረዝ ሕመም የሌለባት መሆኗን እንዲመዘግብ፤ ታሪኩም ወደ ከሳሽ ወደ ደጊቱ ስም እንዲዛወር።»

ሁለተኛ የሕክምናዋን ወጪ፣ ሦስተኛ ካሣዋን አነበቡ። አቶ እንየው መክፈል አለበት ተባለ። ሰው እልል አለ። እኔ ግን መጀመሪያው ላይ ቀርቻለሁ። ውጪ ስንወጣ የጋሽ ይኸነውን እጅጌ ያዝኩ።

«‹ከሳሽ በጠየቀችው መሠረት› ማለት ምንድን ነው?»

«አላሳየሁሽም እንዴ?» አሉና ከቦርሳቸው የክስ ማመልከቻውን አወጡ። መጨረሻው ገጽ ላይ «የሚጠየቅ ዳኝነት» ይላል፤ ከሥሩ ተራ ቁጥር አንድ የእኔ ስም ነው። «‹የካሳነሽን ስም ከበሽታ መዝገብ ያውጡላት፤ ልጆች አሏት፣ ነገ ሥራ ትቀጠራለች፣ ሐኪም ያያታል፤ የእኔ ሕመም ይከተላታል› አለችኝ። ‹መጀመሪያ የራስሽን እናስቀድም› ብላት እምቢ አለች።»

ቀኑን አየሁት። ማመልከቻው የተጻፈው እኔ ደጃፏን ላለማየት መንገድ ስቀይር በነበረበት ሳምንት ነው።

እዚያው አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ደጊቱን ሁለት ሰው ደግፎ ፈረሱ ላይ አወጣት፤ ልጓሙን በግራ እጇ ጨብጣ ቀጥ አለች። «ነይ እንጂ! ምን ተጎልተሽ ታለቅሻለሽ? ሰው የተፈረደብን እንዳይመስለው» አለችኝ። ተነሥቼ ከፈረሱ ጎን መሄድ ጀመርኩ። ያገኘሁትን መንገደኛ ሁሉ «ይቺ ጎረቤቴ ናት» እያልኩ እንጅባራን ከዳር እስከ ዳር አቋረጥኩ።